ነፍሳት ተባይ የሚሆኑት መቼ ነው? ስለ ነፍሳት፣ ስለ ሰውና ስለ አካባቢ መደጋገፍ

ምህዳር (ውይይቱን የጀመሩ)

ስለ ነፍሳት በሚነሳ ውይይት ሁሉ ገና ከጅምሩ ሁለት መዝገብ ይከፈታል፤ በአንደኛው ንብ፣ ቢራቢሮና የሐር ትል «ጠቃሚ» ተብለው ይሰፍራሉ፣ በሌላኛው ዝንብ፣ ትንኝ፣ ምስጥና አንበጣ «ጎጂ» ተብለው ይመዘገባሉ። ይህ አከፋፈል ለትምህርት ቤት ፈተና ይመች ይሆናል እንጂ ነፍሳት፣ ሰውና የተፈጥሮ አካባቢ እንዴት እንደተሳሰሩ ለመረዳት አያግዝም የሚል አቋም አለኝ። ነፍሳት የሚጠቅሙት ወይም የሚጎዱት በዘራቸው ሳይሆን ከሌሎች ፍጡራን ጋር ባላቸው ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱ ሲበጠስ ትናንት ማንም ልብ ያላለው ፍጡር ዛሬ መቅሠፍት ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜም በጣሹ ሰው ነው። ከማውቃቸው ማስረጃዎች ይህን አጉልቶ የሚያሳየው የአውስትራሊያ የእበት ታሪክ ስለሆነ እርሱን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ከብቶች ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር አውስትራሊያ የደረሱት በ1788 ነው። በዚያች አህጉር ቀድሞም የእበት ጥንዚዛዎች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የለመዱት የካንጋሩንና የመሰሎቹን ደረቅ በጠጥ እንጂ የላምን እርጥብና ሰፊ እበት አልነበረም። ስለዚህ እበቱ በወደቀበት ይቀር ጀመር። አንዲት ላም በቀን አሥር ጊዜ ያህል እበት ትጥላለች፤ ይህ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ከብቶች ሲባዛ ምን ያህል መሬት እንደሚሸፍን መገመት አያዳግትም። የደረቀው እበት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይፈርስ ይቆያል፤ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፣ በዙሪያው የበቀለውንም ከብቶች ስለሚጸየፉት አይግጡትም፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን አፈሩን ሳያለማ ወደ አየር ይበናል። ከሁሉ የከፋው ግን ዝንቡ ነበር። በአገሩ የጫካ ዝንብ የሚባለው ከከብቶቹ መምጣት በፊትም የነበረ ፍጡር ነው፤ የሚራባበት እርጥብ እበት እንደ ልብ ስላልነበረ ቁጥሩ ከልኩ ሳያልፍ ይኖር ነበር። አንዱ የላም እበት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝንቦችን መፈልፈል ይችላል። እንግዲህ ዝንቡ ጠባዩን አልለወጠም፤ የተለወጠው የሚኖርበት ሥርዓት ነው።

ከሃንጋሪ የተሰደደው የነፍሳት ተመራማሪ ጆርጅ ቦርኔሚሳ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ አስተዋለ። እርሱ በሚሠራበት ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. በተባለው የአገሪቱ የምርምር ድርጅት አማካይነት ከ1968 ጀምሮ ከአፍሪካ፣ በተለይም ከደቡብ አፍሪካ፣ ኋላም ከአውሮፓ የተመረጡ ጥንዚዛዎች በግጦሽ መሬቶች ላይ ተለቀቁ። አሠራሩ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ ጥንዚዛዎቹ በሽታና ጥገኛ ተውሳክ ይዘው እንዳይገቡ እንቁላሎቻቸው ላያቸው በኬሚካል ታጥቦ፣ በሰው እጅ በተድበለበለ እበት ውስጥ ተቀምጠው በለይቶ ማቆያ እንዲፈለፈሉ ይደረግ ነበር። ከገቡት ከ40 በላይ ዝርያዎች 23 ያህሉ አገሩን ለምደው ቀሩ። ጥንዚዛዎቹ በበዙባቸው ቦታዎች እበቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ተበታትኖ ይቀበራል፣ አፈሩ ይከፈታል፣ ውኃ ይሠርጋል፣ የዝንቡም ቁጥር ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አልጠፋም፣ እንዲጠፋም የጠበቀ አልነበረም።

ከተሳታፊዎች የምጠብቀው የጠቃሚ ነፍሳት ዝርዝር አይደለም። አንድ ግንኙነት ሲበጠስ ወይም ሲጠገን ምን እንደተከተለ የምታውቁትን አቅርቡ፤ አቋሜን የሚያፈርስ ማስረጃ ያለውም ያምጣ።


ቀፎ ጠባቂ

በአቋምዎ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ንብን በ«ጠቃሚ» መዝገብ ላይ ብቻ የሚያሰፍሩ ሰዎች ከሚሳሳቱበት መንገድ አንዱን ልጨምር። ነፍሳት የአበባ ብናኝ ማድረሳቸው ለሰው ምን እንደሚያደርግለት ሲነገር ሁለት ቁጥሮች ይቀላቀላሉ። ከዋና ዋናዎቹ የምግብ ሰብል ዓይነቶች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በጥቂቱም ሆነ በብዙ ብናኝ አድራሽ እንስሳትን ይፈልጋሉ፤ በመጠን ሲለካ ግን ከእነዚህ ሰብሎች የሚገኘው ምርት ከጠቅላላው 35 በመቶ ገደማ ነው፣ ከዚያም ውስጥ በቀጥታ የብናኝ አድራሾቹ ድርሻ የሆነው ከፊሉ ብቻ ነው። ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ በነፋስ ወይም በራሳቸው ብናኝ ስለሚያፈሩ «ንብ ከጠፋ የሰው ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በረሃብ ያልቃል» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። የሚቀንሰው ሆድ የሚሞላው ሳይሆን ፍራፍሬው፣ አትክልቱ፣ የቅባት እህሉና ለውዙ፣ ማለትም የቪታሚንና የማዕድን ምንጫችን ነው። ጉዳቱ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ለምን ማጋነን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

ሁለተኛው ነገር፣ የማር ንብ ከ20,000 በላይ ከሚሆኑት የንብ ዝርያዎች አንዷ ብቻ ናት፤ በብዙ አገርም እንደ ከብትና እንደ ዶሮ በሰው የምትረባ ናት። ቲማቲም ብናኙን የሚለቀው አበባው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ይህን ደግሞ የማር ንብ አታደርገውም፣ ባምብልቢ የሚባሉት ጠጉራም ትልልቅ ንቦች ግን የክንፍ ጡንቻቸውን በማንዘር ያደርጉታል። የካካዎ አበባ የሚጎበኘው ከጤፍ ፍሬ ብዙም በማይበልጡ ጥቃቅን ዝንቦች ነው፤ እነርሱም የሚራቡት በዛፉ ሥር በረገፈና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ስለሆነ የካካዎ ማሳውን አጽድቶ የሚጠርግ ሰው ምርቱን አብሮ ይጠርጋል።

ጥገኝነቱ ወደ እኛ ብቻ እንዳልሆነም ማየት ተገቢ ነው። በካሊፎርኒያ አልሞንድ የሚባሉት የለውዝ ዛፎች በሚያብቡበት በየካቲት ወር 2 ሚሊዮን ያህል ቀፎዎች ከመላው አሜሪካ በጭነት መኪና ይጓዛሉ። ለሳምንታት ከአንድ ዓይነት አበባ በቀር ሌላ በሌለበት ሜዳ ላይ የዱር ንብ ሊኖር አይችልም፤ ከአበባው በፊትና በኋላ የሚበላው የለውምና። ስለዚህ ገበሬው በንብ አርቢው፣ ንብ አርቢው በመኪናው፣ ንቧ ደግሞ በሁለቱም ላይ ተንጠልጥላለች። በዚህ ላይ ቫሮአ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ከቀፎ ወደ ቀፎ የሚዛመትበትን ሰፊ መንገድ ያገኛል። የሐር ትልማ ከዚህም ብሳለች፤ ከሺህ ዓመታት እርባታ በኋላ የእሳት እራቷ መብረር ስለማትችል ያለ ሰው ልትኖር አትችልም።


ነጭ ጋዎን

ከሕክምና ወገን ስለሆንኩ ውይይቱን በጥርጣሬ ነው የማነበው። «ጎጂ ነፍሳት የለም፣ የተበጠሰ ግንኙነት እንጂ» የሚለው አነጋገር ያማረ ነው፤ ነገር ግን በወባ በየዓመቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ይሞታል፣ አብዛኞቹም በአፍሪካ የሚኖሩ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። አኖፌለስ የምትባለዋ ትንኝ ወባን የምታስተላልፈው ሰው አካባቢውን ስላበላሸ ብቻ አይደለም፤ በሽታው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ይህችን ትንኝ ከምድረ ገጽ ማጥፋት የሚቻል ቢሆን ከልክሉ የሚል ሰው ካለ ምክንያቱን በእነዚያ ሕፃናት እናቶች ፊት ሊናገረው በሚችል ቋንቋ እንዲያስረዳኝ እፈልጋለሁ። የሥነ ምህዳር ጥበቃ ስሜት ብዙውን ጊዜ መስኮቱ ወንፊት ባለው ቤት ውስጥ ነው የሚያድገው።


ምህዳር

ለነጭ ጋዎን፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ አቋሜንም ጠበብ እንዳደርገው ያስገድደኛል። ሰውን የሚገድል በሽታ አስተላላፊን መዋጋት ትክክል ነው፤ እኔ የምከራከረው በምን ዓይነት መሣሪያ የሚለው ላይ ነው።

በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ የትንኝ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ደም የሚመጥጡት ሴቶቹ ብቻ ሲሆኑ የሰውን ወባ በማስተላለፍ በኩል ትርጉም ያላቸው ከአኖፌለስ ወገን ጥቂት ደርዘን ዝርያዎች ናቸው። የተቀሩት እጮቻቸው ለዓሣ፣ ለእንቁራሪትና ለተርብ እንዝርት ልጆች ምግብ ናቸው፣ ጎልማሶቹን ወፍና የሌሊት ወፍ ይለቅሟቸዋል፣ የአበባ ማር ሲቀስሙም ብናኝ ያደርሳሉ። በረግረግ ላይ መርዝ የሚረጭ ሰው እነዚህን ሁሉ ከአንዷ ጋር አብሮ ይቀጣል። በአልጋ ላይ የተዘረጋ አጎበር ግን ለይቶ የሚያጠቃው ሰውን ልትነክስ የመጣችውን ነው።

የዲዲቲ ታሪክ ልዩነቱን ያሳያል። የስዊሱ ኬሚስት ፖል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያገኘው በ1939 ሲሆን በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ወባንና ተስቦን በመከላከል ብዙ ነፍስ ስላዳነ ሽልማቱ አላግባብ አልነበረም። ሆኖም በእርሻ ላይ በአውሮፕላን ጭምር በገፍ ሲረጭ ከነፍሳቱ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ አሞራው እየተጠራቀመ ሄዶ የአዳኝ ወፎችን የእንቁላል ቅርፊት አሳሳ፤ ነፍሳቱ ራሳቸው ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተላመዱት። አሜሪካ በ1972 ለእርሻ እንዳይውል ስታግደው፣ ለወባ መከላከያ በቤት ግድግዳ ላይ መርጨቱ ግን በአንዳንድ አገሮች ቀጥሏል። አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው፤ ልዩነቱ የሚረጭበት ቦታና መጠን ነው።

ለይቶ ማጥፋት እንደሚቻል ደግሞ ከሊቢያ እናውቃለን። እጮቿ የቁም እንስሳን ሥጋ የሚበሉ የአሜሪካ አህጉር ዝንብ በ1988 ከቁም ከብት ጋር ሳትሆን እንዳልቀረች በሚታመን መንገድ ወደዚያ አገር ገባች። የዚህች ዝንብ ሴት በሕይወቷ የምትጠቃው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በጨረር የመከኑ ወንዶች በብዛት ቢለቀቁ እንቁላሏ አይፈለፈልም። በሜክሲኮ ፋብሪካ ውስጥ የተፈለፈሉ መካን ዝንቦች፣ ሥራው በተጧጧፈበት ጊዜ በሳምንት እስከ 40 ሚሊዮን ድረስ፣ በአውሮፕላን እየተጓጓዙ ተለቀቁ፤ የመጨረሻው የታመመ እንስሳ የተገኘው በ1991 ነበር። አንድም ሌላ ነፍሳት አልተነካም።

በተረፈ ወባ ጥንታዊ መሆኑ እውነት ቢሆንም ሰው በትንኟ ኑሮ ውስጥ እጁ የለበትም ማለት አይደለም። በደቡብ እስያ የምትታወቀው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ በ2012 በጅቡቲ ተገኝታለች። ከአፍሪካ ነባር ትንኞች የምትለየው በከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ጋንና በርሜል መራባት በመቻሏ ነው፤ ያ በርሜል ደግሞ እዚያ የተቀመጠው የቧንቧው ውኃ ስለሚቋረጥ ነው።


ተጠራጣሪ

ውይይቱ ደረጃውን የጠበቀ ስለሆነ ማንም ከማንሳቱ በፊት «ነፍሳት በዓለም ላይ 75 በመቶ ቀንሰዋል» የሚለውን ቁጥር ላጥራ። ቁጥሩ የመጣው በ2017 ከታተመ የጀርመን ጥናት ነው። በ63 የተጠበቁ ቦታዎች በ27 ዓመታት ውስጥ በወጥመድ የተያዙ በራሪ ነፍሳት ሲመዘኑ ክብደታቸው ከሦስት አራተኛ በላይ ቀንሶ ተገኘ። የሚያስደነግጥ ውጤት ነው፤ ቦታዎቹ ጥብቅ መሆናቸው ደግሞ ይብስ ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም በዙሪያቸው ያለው እርሻ አጥሩን አልፎ እንደሚደርስባቸው ያመለክታል። ግን ጀርመን ዓለም አይደለችም፤ ክብደትም የዝርያ ቁጥር አይደለም።

በ2020 ከ1,600 በሚበልጡ ቦታዎች የተደረጉ የረጅም ጊዜ ልኬቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ጥናት የየብስ ነፍሳት በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 9 በመቶ ያህል ሲቀንሱ የጣፋጭ ውኃ ነፍሳት ግን 11 በመቶ ያህል እንደጨመሩ አሳይቷል። መረጃው በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የተገኘ ስለሆነ ስለ ሞቃታማው ዓለም የሚናገረው ጥቂት ነው። ያም ሆኖ የውኃው ጭማሪ ልብ ሊባል ይገባል፤ አጥኚዎቹ ሊሆን ይችላል ብለው ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ወንዞችን ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ ለማጽዳት የወጡት ሕጎች ናቸው። ለውይይቱ ጀማሪ አቋም ይህ ከእበት ጥንዚዛው የማይተናነስ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ነፍሳቱን ማንም ከውጭ አላመጣቸውም፣ ወንዙ ሲጸዳ ራሳቸው ተመለሱ እንጂ።


የሰብል ሐኪም

ሥራዬ በሰብል ጥበቃ ዙሪያ ስለሆነ ተባይ እንዴት «እንደሚመረት» የሚያሳየውን የኢንዶኔዥያን የሩዝ ታሪክ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ማጋነን አይደለም፤ ተባዩ የተመረተው በመንግሥት ድጎማ ነው።

በ1970ዎቹ አዳዲስ ምርጥ ዘሮች ሲስፋፉ መንግሥት ለገበሬው ፀረ ተባይ ኬሚካል ከዋጋው አብዛኛውን እየሸፈነ ያቀርብ ነበር። ቡናማ ቀለም ያላት፣ የሩዝን አገዳ ጭማቂ እየመጠጠች የምታደርቅ ትንሽ ፈንጣሪ ተባይ፣ ቀድሞ እምብዛም የማትጠቀሰው፣ በዚሁ ጊዜ ማሳውን ሁሉ እንደ እሳት የምትለበልብ ሆነች። ገበሬው በረጨ ቁጥር እየባሰ ሄደ። ምክንያቱ ሲጠና ግልጽ ሆነ፤ ተባይዋ እንቁላሏን የምትጥለው በተክሉ ሥጋ ውስጥ ስለሆነ ርጭቱ አያገኘውም፣ እርሷን የሚበሏት ሸረሪቶችና አዳኝ ነፍሳት ግን ውጭ ስለሚኖሩ በመጀመሪያው ርጭት ያልቃሉ። ከእንቁላል የሚወጣው ትውልድ ጠላት በሌለበት ማሳ ላይ ይፈነጫል።

በ1986 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ባወጡት ድንጋጌ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ታገደ፤ ድጎማውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተነሣ። ከ1989 ጀምሮ ገበሬዎች በየማሳቸው ተሰባስበው ሸረሪቱንና ተባዩን እየቆጠሩ ራሳቸው የሚወስኑበት ትምህርት ተጀመረ። የሩዙ ምርት ይወድቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልወደቀም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ከዚያ በኋላ የተደረሰበት ነገር ነው። ሸረሪቶቹ ተባይዋ ከመምጣቷ በፊት ምን በልተው ይኖራሉ? ተመራማሪዎች ጃቫ በተባለችው የአገሪቱ ደሴት ውስጥ ሲፈትሹ፣ ማሳው በውኃ በተሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በበሰበሰ ገለባና በውኃው ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ላይ የሚኖሩ፣ ለሩዙ የማይጠቅሙም የማይጎዱም ጥቃቅን ዝንቦችና ሌሎች ነፍሳት እጅግ ብዙ ሆነው አገኙ። አዳኞቹ በእነርሱ ላይ ይፋፋሉ፣ ተባይዋ ስትደርስም ጦሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ማንም በየትኛውም መዝገብ ላይ ያላሰፈራቸው፣ ስም እንኳ ያልወጣላቸው ነፍሳት ናቸው የሰውን እንጀራ የሚጠብቁት። ገለባው ከተቃጠለ ወይም መጀመሪያ ላይ ከተረጨ ይህ መሠረት ይናዳል።

ቻይና በ1958 ድንቢጥን ከአራቱ ተባዮች አንዱ አድርጋ ያወጀችውን ዘመቻ ብዙዎች ያውቁታል፤ ድንቢጦቹ ሲያልቁ አንበጣና ሌሎች ነፍሳት በዙ፣ በ1960 በዝርዝሩ ላይ ድንቢጥ ተፍቆ ትኋን ተተካ። የዚያን ዘመን ረሃብ ሌሎች ከባድ ምክንያቶች ስለነበሩት ሁሉንም በድንቢጥ ላይ መላከክ ግን ትክክል አይደለም።


ሜዳ ተመልካች

እስካሁን የተነገረው ሰው ግንኙነትን በመበጠስ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሰው እጁን ሲሰበስብስ? «ተፈጥሮን ለራሷ ተውአት» የሚለው ምክር ሁልጊዜ እንደማይሠራ የሚያሳይ አንድ ቢራቢሮ አለ፤ በእንግሊዝ ትልቁ ሰማያዊ ይባላል።

ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በጦስኝ አበባ ላይ ነው። ትሏ ጥቂት ሳምንት አበባውን በልታ መሬት ትወድቅና ጣፋጭ ፈሳሽ እያወጣች ጉንዳን እስኪያገኛት ትጠብቃለች። አንድ የተወሰነ የቀይ ጉንዳን ዝርያ የራሱ ልጅ መስላው ወደ ጎጆው ይወስዳታል፤ እርሷም ወደ አሥር ወር ለሚጠጋ ጊዜ እዚያው ተቀምጣ የጉንዳኑን እጮች ትበላለች። (ውለታ ቢስነት በተፈጥሮ ዓለም እንዲህ ነው።) ሌላ ዓይነት ጉንዳን ከወሰዳት በአብዛኛው አትተርፍም።

የቢራቢሮው ቁጥር ሲመነምን ጥፋቱ በሰብሳቢዎች ላይ ተጣለ፤ አንዱ መኖሪያ ቦታ ሰው እንዳይገባበት ታጠረ፣ አጥሩ ግን ከብቱንም ስለከለከለ ቢራቢሮው ከዚያ ጠፋ። በ1950ዎቹ ደግሞ የጥንቸል በሽታ ገብቶ ሜዳውን የሚግጡትን ጥንቸሎች በአብዛኛው ጨረሰ፣ በደጋማው ሜዳ ላይ ከብት ማሠማራትም እየቀረ ሄደ። ሣሩ ያደገው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጥላው አፈሩን በሁለትና በሦስት ዲግሪ ስላቀዘቀዘው ሙቀት ወዳዱ ጉንዳን ቦታውን ለሌላ ጉንዳን ለቀቀ። ጦስኙ ነበረ፣ ቢራቢሮው እንቁላሉን ይጥል ነበር፣ ትሎቹ ግን የተሳሳተ ጎጆ ይገቡ ነበር። ተመራማሪው ጄረሚ ቶማስ ምስጢሩን ሲደርስበት ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ1979 ቢራቢሮው ከብሪታንያ ጠፋ። ከዚያ ሜዳዎቹ እንደገና በከብት እንዲጋጡ ተደርጎ ከስዊድን የመጡ ቢራቢሮዎች ከ1983 ጀምሮ ተለቀቁ፣ ተባዙም። ስለዚህ ምህዳር «ግንኙነቱን የሚበጥሰው ሰው ነው» ያሉት ላይ ይህን ላክልበት፤ በብዙ ቦታ ሰው ከመቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ የግንኙነቱ አካል ስለሆነ እረኛው ሲቀርም ይበጠሳል።


አዲስ አንባቢ

ሁሉንም በጥሞና አነበብኩት። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ጥንዚዛ ከአፍሪካ፣ ቢራቢሮ ከስዊድን እያላችሁ ስታወድሱ ከአገር አገር ፍጡር ማዘዋወር ቀላል አስመሰላችሁት። ይህ ራሱ ግንኙነትን መበጠስ አይደለም ወይ? የሚሠራውንና የማይሠራውን በምን ትለያላችሁ?


የሰብል ሐኪም

ለአዲስ አንባቢ፦ ዋናው መለያ መጪው ፍጡር የሚበላው ነገር ስንት ዓይነት ነው የሚለው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ የገባች፣ ነጭ ዱቄት የለበሰች ካሳቫ አድራቂ ተባይ አህጉሩን ስታዳርስ፣ ሃንስ ሄረን የመሩት ቡድን ጠላቷን በትውልድ አገሯ ፈልጎ በፓራጓይ አንዲት ጥገኛ ተርብ አገኘ። ተርቧ እንቁላሏን የምትጥለው በዚያች ተባይ ውስጥ እንጂ በሌላ አልነበረም፤ በ1981 ናይጄሪያ ውስጥ መለቀቅ ጀመረችና በብዙ አገሮች ተባይዋን አዳከመች። በተቃራኒው በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ እንዲበላ ከሃዋይ በአውስትራሊያ ወደምትገኘው ኩዊንስላንድ የተወሰደው ትልቁ እንቁራሪት ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ነበር። ጥንዚዛዎቹ አገዳው አናት ላይ ስለሚውሉ አልደረሰባቸውም፣ ሌላውን ግን በላ፤ እርሱን የበሉ አዳኞችም በመርዙ ሞቱ።


ምህዳር

የሰብል ሐኪም በሰጡት መለያ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ልጨምር፤ ምግቡ አንድ ዓይነት የሆነ ነፍሳት እንኳ በሁሉም ቦታ አስተማማኝ አይደለምና።

በ1920ዎቹ በምሥራቅ አውስትራሊያ ከአሜሪካ አህጉር የገባው የበለስ ቁልቋል ከ20 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሶ ገበሬዎች እርሻቸውን እየጣሉ ይሰደዱ ነበር። በ1926 ከአርጀንቲና የመጣች አንዲት የእሳት እራት ተለቀቀች፤ ትሎቿ ቁልቋልን ከውስጥ እየቦረቦሩ ይበሉታል፣ ሌላ ተክል አይነኩም፣ አውስትራሊያ ደግሞ የራሷ ነባር ቁልቋል የላትም። በሰባትና በስምንት ዓመት ውስጥ አብዛኛው መሬት ነፃ ወጣ። በዚያው የምትገኘው የቡናርጋ መንደር ነዋሪዎች በ1936 የመሰብሰቢያ አዳራሻቸውን በዚህች ነፍሳት ስም ሰየሙት።

ያችው የእሳት እራት በ1957 ለተመሳሳይ ሥራ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተወሰደች። በእነዚህ አካባቢዎች ግን ቁልቋል ነባር ተክል ነው። ከደሴት ወደ ደሴት ተዛምታ በ1989 ፍሎሪዳ ስትገኝ፣ በዚያ የሚኖሩ ብርቅዬ የቁልቋል ዝርያዎችን ትበላ ጀመር፤ ከፊቷ ደግሞ ሜክሲኮ ነበረች፣ ቁልቋል በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ የሚገኝባት፣ ሕዝቧም ቅጠሉንና ፍሬውን የሚበላባት አገር። በ2006 ኢስላ ሙኼሬስ በተባለችው የሜክሲኮ ደሴት ላይ ስትታይ መንግሥት የታመሙትን ተክሎች አስነቅሎ፣ ልክ እንደ ሊቢያው ዝንብ በጨረር የመከኑ የእሳት እራቶችን አስለቀቀ፤ በ2009 ደሴቲቱ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። የአሜሪካ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ግን እስካሁን ነፃ አልወጣም።

ስለዚህ ለአዲስ አንባቢ መልሴ፣ የሚመጣው ነፍሳት ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን የሚበላው ነገር በሚሄድበት አገርና በጎረቤቶቹ ዘንድ ለማን ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል የሚል ነው። የአርጀንቲናዋ የእሳት እራት በሦስቱም ቦታ ያደረገችው አንድ ዓይነት ሥራ ነበር።